የሮሳንዳ መቀስ

ሚስቴ እምቢ ማለት አታውቅም። ይህን ስናገር ሰው ሙገሳ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ስሞታ እያሰማሁ ነው። እምቢ የማትል ሴት ያገባ ሰው እሑድ የለውም፣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን አይከርምም፣ ሳሎኑ ሲገባም አንዲት የማያውቃት ሴት ሕፃን አቅፋ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ያገኛታል።

ሮሳንዳ ነርስ ናት፤ ግን የሆስፒታል ነርስ አይደለችም። እኛ አገር ሴት ስትወልድ ቤቷ ድረስ የምትሄድ ነርስ አለች፤ ሮሳንዳ እሷ ናት። ሕፃኑን ትመዝናለች፣ እትብቱን ታያለች፣ የእናቲቱን ጡት ታያለች፣ ከዚያ ዋናውን ሥራዋን ትጀምራለች፦ መስኮት መክፈት። እኛ ሰርቦች ከጦርነትም ከመንግሥትም ይልቅ የምንፈራው በሁለት መስኮት መካከል የሚያልፈውን ነፋስ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት በሐምሌ ሙቀት እንኳ እንደ ዳቦ ምድጃ ታፍኖ ነው የሚውለው። ሮሳንዳ ትከፍታለች፣ አያቲቱ ትዘጋለች። ሮሳንዳ እንደገና ትከፍታለች። በዚህ መሐል እናቲቱ ትስቃለች፤ የሮሳንዳም ዓላማ ያ ሳቅ ነው። የሳቀች እናት አታፍርም፣ የማታፍር እናት ደግሞ ትጠይቃለች ትላለች።

እኔ ብላጎዬ እባላለሁ። የአውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት የዓሣ መያዣ ዘንግ ገዛሁ፤ ፕላስቲኩ እስካሁን አልተቀደደም። የጤና ጣቢያው መኪና ተበላሽታ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲሰፍርባት፣ ሮሳንዳን ወደ ተራራው መንደሮች የማመላልሳት እኔ ሆንኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። «ብላጎዬ ይወስደኛል» አለቻቸው፤ በዚያው ቀረ።

ታዲያ በዚህ መሐል ዶክተር ቲያና ከቤልግሬድ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጫማዋን ሳትጠየቅ ደጃፍ ላይ የምታወልቅ ልጅ ናት፤ ስለዚህ ወዲያው ወደድናት። የመጣችው ጥናት ልታጠና ነው። ነርስ ቤት ለቤት እየዞረች ወላጆችን ማገዟ ልጆቹን በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ልታውቅ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው።

በባህል አዳራሹ ሰብስባ አስረዳችን። ሕፃን ያለባቸው የተራራው ቤቶች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ዕጣ የወጣላቸውን ሮሳንዳ በየሳምንቱ ትጎበኛቸዋለች፤ ከልጅ ጋር መጫወትን፣ ማውራትን፣ ሥዕል ማሳየትን፣ ሳይመቱ መቆጣትን ታሳያቸዋለች። ዕጣ ያልወጣላቸው በራሳቸው ይኖራሉ፤ ልጅ ከታመመ ጤና ጣቢያ ያመጡታል እንጂ ቤታቸው ድረስ የሚሄድ የለም። ልጆቹ ከፍ ሲሉ ሁለቱ ወገኖች ይወዳደራሉ። የተጎበኙት ካልተሻሉ፣ ሚኒስቴሩ የቤት ለቤት ጉብኝቱን ይዘጋዋል።

«ለምን ለሁሉም አይሆንም?» አለች ሮሳንዳ።

«ሲስተር ሮሳንዳ፣ ሁሉንም ከጎበኙ ከማን ጋር ላወዳድራቸው?» አለች ቲያና። «ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ ለዓመታት ተሠርቶ፣ ነርሷም እናቶቹም ደስ ብሏቸው፣ መጨረሻ ላይ ለልጆቹ ምንም እንዳልፈየደ ተገኝቷል። ያ ሁሉ ድካም ለሌላ ነገር ቢውል ኖሮስ? ጥሩ ልብ ማስረጃ አይሆንም።»

እውነቷን ነው፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከሮሳንዳ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዕጣ ያልወጣለት ቤት እግሯ እንዳይረግጥ። ሮሳንዳ ቃል ገባች። እምቢ ማለት አታውቅማ።

ዕጣው የወጣ ዕለት እማማ ቦሲልካ ከፊት ተቀምጣ ነበር። እማማ ቦሲልካ የጎርኒ ዶል ሰው ናት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይና ተኩላ ብቻ ነው። አጠገቧ ምራቷ ዱኒያ አለች። ዱኒያ ራሷ ገና ልጅ ናት። ባሏ ኦስትሪያ ግንብ ይገነባል፣ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ልጇ ሬልያ ያለ ጊዜው የተወለደ ትንሽዬ ፍጥረት ነበር፤ ዱኒያም የሰው ብርጭቆ እንደ ያዘች ሁሉ እየፈራች ነበር የምታቅፈው። አታናግረውም። ስሙን ስትጠራው እንኳ ሰምቼ አላውቅም። በተራራው ላይ ነርስ የሚያስፈልገው አንድ ቤት ምረጥ ብባል የምመርጠው የነሱን ነበር። ዕጣው አልወጣላቸውም።

«አልወጣላችሁም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ቦሲልካ።

«ዕጣ ነው፣ እማማ። እኔ አልመረጥኩም» አለች ቲያና።

«ዕጣ በቴሌቪዥን ነው የሚወጣው፣ ልጄ። እኔ የምፈልገው ነርስ ነው።»

ቦሲልካ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወጣች። ይህቺ ሴት በዚህ አትተኛም አልኩ በሆዴ።

በቀጣዩ እሑድ ዘንጌን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ተንኳኳ። ቦሲልካ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ቆማለች። በአንድ እጇ ክብ ዳቦ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ላይ ነጭ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ደግሞ መቀስ አለ። ዱኒያ ሬልያን አቅፋ ከኋላዋ ናት። መቀሱን ሳይ ዘንጌን ከበሩ ኋላ መልሼ አቆምኩት።

የክርስትና አባት ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ ነው፤ ሬልያም ነበረው። ግን እኛ ዘንድ ሌላም አበልጅነት አለ፤ የመቀስ አበልጅነት። የሕፃኑን የመጀመሪያ ጸጉር የቆረጠ ሰው ለልጁ ሁለተኛ ወላጅ ይሆናል። ዕድሜ ልኩን ይጠይቀዋል፣ ይመክረዋል፣ በዓል በመጣ ቁጥር ደጁን ይረግጣል። አበልጅ ሁን የተባለ ሰው ደግሞ እምቢ አይልም። ደመኛህ እንኳ ቢጠይቅህ እምቢ አይባልም። ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

«አበልጅ እንድትሆኚን መጥተናል፣ ሮሳንዳ» አለች ቦሲልካ። «በእግዚአብሔርና በቅዱስ ዮሐንስ!»

«እማማ ቦሲልካ፣ ልጁ እኮ ጸጉር የለውም!» አልኩ።

«ሦስት አለው። ዓይንህን ግለጥ።»

«እስኪያድግለት ለምን አትጠብቁም?»

«ምን ልጠብቅ? ነርሷ የምታስፈልገኝ አሁን ነው!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «አበልጇ ማለቴ ነው።»

«እማማ፣ ቃል ገብቻለሁ» አለች ሮሳንዳ፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ለዶክተሯ ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃል የገባሽው ስለ ነርስነትሽ ነው። አሁን እኔ ነርስ ብዬ ጠራሁሽ?»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ሮሳንዳ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ መቀሱን አነሣችና ከሦስቱ አንዱን ቆረጥ አደረገችው። ሬልያ አነጠሰ። በቃ፣ አበልጅ ሆንን። ቦሲልካ የጥልፍ ሸሚዝ ሸለመቻት። እኔም የፕሪም አረቄዬን አወጣሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

አበልጅ ደግሞ ሄዶ መጠየቅ አለበት። በሳምንቱ ወደ ጎርኒ ዶል ነዳሁ። ሮሳንዳ ጋዋኗን አልለበሰችም፤ ሚዛኗንም ቦርሳዋንም ቤት ትታለች።

«ዛሬ ነርስ አይደለሁም» አለችኝ መንገድ ላይ። «ማርማላታዬን በልቼ እመለሳለሁ።»

«አፍሽንስ ትዘጊያለሽ?»

«እዘጋለሁ አልኩህ እኮ!»

ገባን። እንደ ወጉ የፕሪም ማርማላታ በማንኪያ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀረበልን። ሮሳንዳ አንድ ማንኪያ ዋጠች፣ ውሃውን ጠጣች፣ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ቦሲልካ ለመጀመሪያ ጊዜ አልዘጋችውም፤ የአበልጅ እጅ አይመለስማ።

«ዱኒያ፣ የኔ ልጅ፣ ስታለብሺው ምን ትይዋለሽ?» አለች ሮሳንዳ።

«ምን እለዋለሁ? አይገባውም እኮ።»

«ላም ስታልቢ አታወሪያትም?»

«እሷንማ አወራታለሁ።»

«ይገባታል?»

ዱኒያ ሳቀች። እኔም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስለማውቅ በረንዳው ላይ ወጥቼ ከውሻው ጋር ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በተከፈተው መስኮት የዱኒያን ድምፅ ሰማሁ፦ «ይሄ ካልሲህ ነው፣ ሬልያ። ይሄኛው ደግሞ ወንድሙ ነው።» መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ቀስ በቀስ ድምፅዋ ተፈታ። ልጁ አንድ ነገር አጉረመረመላት፣ እሷም መለሰችለት። ደስ አለኝ፤ ግን ተናድጄ ስለነበር ለሮሳንዳ አልነገርኳትም።

ተራራ ላይ ወሬ ከኔ መኪና ይፈጥናል። ዕጣ ያልወጣለት ሁሉ መቀስ ይዞ ይመጣ ጀመር። ዳቦ፣ ፎጣ፣ «በእግዚአብሔርና በቅዱስ ዮሐንስ!» አንዷማ ገና ያልተወለደውን ልታስይዝ ሆዷን ይዛ መጣች። የጥልፍ ሸሚዙ ቁም ሣጥናችንን ሞልቶ ወደ ኩሽና ተሻገረ። ሮሳንዳ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዕጣ የወጣላቸው ቤት በነርስነት ትገባለች፤ ቅዳሜና እሑድ ዕጣ ያልወጣላቸው ቤት በአበልጅነት ትገባለች። ሾፌሩ ለሁለቱም እኔው ነኝ።

«ጥናቱስ?» እላታለሁ።

«በነርስነት አልሄድኩም።»

«ምላስሽስ? ቅዳሜ ቅዳሜ ዕረፍት ይወጣል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ቆሽቴ አርሮ መኪናውን ዳር አቆምኩት። «ይቺ ልጅ ከቤልግሬድ ድረስ የመጣችው አንዲት ነገር ለማወቅ ነው» አልኳት። «ያቺኑ አንዷን አንቺ በሁለት እጅሽ እያበላሸሽባት ነው። ለልጆቹ ብለሽ የጀመርሽው በኋላ ልጆቹኑ ይጎዳል!»

እንደ ገባት ፊቷ ላይ አየሁ፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። አውቃ ነው የምታደርገው። በኋላ ቀስ ብላ፣ «እሺ፣ የማንን ልጅ እምቢ ልበል? ስሙን ንገረኝ» አለችኝ። የማንን ስም ልንገራት? መኪናውን አስነሣሁ።

ልጆቹ አደጉ፣ ተፈተኑ። ቲያና ውጤቱን ይዛ ወደ አዳራሹ መጣች። ማንም ሳያዝ ዕጣ የወጣላቸው በቀኝ፣ ያልወጣላቸው በግራ ተቀምጠዋል። ቲያና ገርጥታለች።

«ልጆቹ በጣም ጥሩ ላይ ናቸው» አለች። «ከጠበቅሁት በላይ ያወራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ሁለቱም ወገን እኩል ነው። በተጎበኙትና ባልተጎበኙት መካከል ልዩነት አላገኘሁም። ስለዚህ የጠቀማቸው ጉብኝቱ አይደለም ማለት ነው።» ወደ ሮሳንዳ ዞረች። «ይቅርታ፣ ሲስተር። እኔም የተመኘሁት ሌላ ነበር። ሚኒስቴሩ ከመስከረም ጀምሮ ይዘጋዋል።»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። የማታውቀው ቲያና ብቻ ናት፤ ለማወቅ የደከመችውም እሷ ብቻ ናት። አበልጅን አሳልፎ የሚሰጥ ደግሞ አልተወለደም። ሴቶቹ ጫማቸውን ያያሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ በመጨረሻ «አልጠቀመም» ተብሎ ሊጻፍ ነው!

ሮሳንዳ ተነሣች። «ዶክተር፣ እኔ...»

«ተቀመጪ፣ አበልጄ!» ብላ ጮኸች ቦሲልካ።

እኛ ዘንድ አበልጅን በስሟ መጥራት ነውር ነው። ቦሲልካ መጥረቢያ ቢያነሡባት እንኳ ሮሳንዳ ብላ አትጠራትም። እሷን አድናለሁ ብላ አጋለጠቻት።

ቲያና ቀና አለች። «አበልጄ? የማን አበልጅ ናት?»

«የኔ ናት» አለች ቦሲልካ። ምን ታድርግ፣ አበልጅን በሰው ፊት መካድ ኃጢአት ነው።

«እማማ ቦሲልካ፣ ለእናንተ እኮ ዕጣ አልወጣም።»

«አልወጣም። ለዚህ ነዋ አበልጅ የሆንነው።»

ቲያና ቀስ ብላ ወደ ግራው ወገን ዞረች። «ሌላስ? የሲስተር ሮሳንዳ አበልጅ የሆነ ሌላ ሰው አለ?»

ዱኒያ እጇን አነሣች። ከዚያ አጠገቧ ያለችው። ከዚያ የግራው ወገን በሙሉ። አንዷ ሁለቱንም እጆቿን አነሣች፤ መንታ ነው ያላት። በቀኙ ወገን አንድ እጅ አልተነሣም። ቲያና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሄዱ?» አለቻት።

«በየሳምንቱ» አለች ሮሳንዳ።

«ሄደው ምን አደረጉ?»

«ማርማላታ በላሁ።»

«ሲስተር ሮሳንዳ!»

«መስኮት ከፈትኩ። አወራን። ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥን።»

«አንድ ነገር ብቻ ነበር እኮ የለመንኩዎት!» አለች ቲያና።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በድዬሻለሁ። ጥፋቱ የሮሳንዳ ነው፣ ጉብኝቱ ግን ይጠቅማል ብለሽ ጻፊ።»

«አልችልም! ይጠቅማል ብዬ መጻፍ አልችልም፣ አይጠቅምም ብዬም አልችልም። ምናልባት እርስዎ ባይሄዱም እንዲሁ ጥሩ ሆነው ያድጉ ነበር። ማን ያውቃል? ያልተጎበኘ አንድ ቤት እንኳ አልተዉልኝም!»

ከኋላ «ሬልያን አታዪውም ወይ?» የሚሉ ነበሩ። ሬልያን አይታዋለች፤ አንድን ልጅ በማየት ብቻ ይህ እንደማይታወቅ ልታስረዳቸው ሞከረች፣ አልሰሟትም። እኔ ሁሉም ላይ ተናደድኩ። ቦሲልካ ላይ፣ ሮሳንዳ ላይ፣ ዕጣው ላይ፣ እውነት እየተናገረች መላው አዳራሽ ክፉ ባደረጋት በዚያች ምስኪን ልጅም ላይ።

ከድጡ ወደ ማጡ ሄድን። ጥናቱ ተጣለ፤ ማስረጃ የለውም ተብሎ ጉብኝቱም በመስከረም ተዘጋ። ሮሳንዳ ጤና ጣቢያ ተቀምጣ መርፌ እንድትወጋ ተመደበች። ቲያና ልትሰናበተን መጥታ ደጃፋችን ላይ ጫማዋን እያሰረች፣ «ሌላ ቦታ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ የመቀስ አበልጅ በሌለበት አገር» አለች።

«እንደዚያ ያለ አገር አለ?» አለቻት ሮሳንዳ፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ቲያና ሳትወድ ሳቀች። ሮሳንዳ አንድ ማሰሮ ማርማላታ አስታቀፈቻት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሮሳንዳን ጠርቶ፣ «ሰው ቤት የሚገባ ነርስ እንዳልሰማ» አላት። «አበልጆችሽን ልትጠይቂ ከሄድሽ ግን ያ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ አላየሁም።» እሱም የአበልጅ አገር ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ አልተዘጋም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዕጣ ያልወጣላቸው አሁን ሮሳንዳ አለቻቸው። ዕጣ የወጣላቸው ግን የያዙት ነርስ እንጂ አበልጅ አልነበረም፤ ነርሷ ቀረች፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ዝላታ የምትባል እናት ከነሱ አንዷ ናት። በመኪና ስናልፍ አጥሯ ላይ ቆማ እጇን ታነሣልናለች፣ ሮሳንዳም ታነሣለች፣ እኛም አንቆምም። ከዚያ እስከሚቀጥለው መንደር ሮሳንዳ አንድ ቃል አይወጣትም። ለሷ ዝምታ መታመም ነው።

አንድ እሑድ ዝላታ ራሷ መጣች። ዳቦ፣ ፎጣ፣ መቀስ ይዛለች። ልጇ ኮስታ ቀሚሷን ይጎትታል።

«አባቱ ጥሎን ሄደ» አለች ሳትቀመጥ። «ኮስታ ከዚያ ወዲህ ይናከሳል። ትናንት መታሁት፣ ሮሳንዳ። አንዴ አይደለም። እጄ አልቆም አለኝ። የምጠይቀው ሰው የለኝም።» መቀሱን ዘረጋችላት። «በእግዚአብሔርና በቅዱስ ዮሐንስ።»

ሮሳንዳ መቀሱን ተቀበለች። የኮስታን ራስ ደባበሰችና እጇን መለሰች። ልጁ አጭር ተደርጎ ተከርክሟል፤ ያውም ብዙ ጊዜ። የመጀመሪያ ጸጉር የሚቆረጠው አንዴ ብቻ ነው።

«ዝላታ... የልጁ ጸጉር ተቆርጧል እኮ» አለች። ይህን ያህል ዘመን ስንኖር እምቢ ወደ ማለት የተጠጋችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንዲያ ስትል ደግሞ ማየት አልቻልኩም።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። መነጽሬን አድርጌ ኮስታን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። የጆሮውን ኋላ አገላበጥኩ። «ይቺስ? ይቺን ማን ነካት?»

«ጸጉር አስተካካዩ» አለ ኮስታ።

«አንተ ዝም በል። ይቺን ማንም አልነካትም። ከተወለደ ጀምሮ እዚሁ ናት፣ እኔ የአውቶቡስ ሾፌር ነኝ፣ ዓይኔ አይስትም። ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሮሳንዳ? ቁረጪያ!»

ቆረጠች። ኮስታ እጄን ነከሰኝ። ዝላታ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሮሳንዳም ልጁን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ የመኪናውን ቁልፍ አነሣሁ። ቅዳሜም እሑድም ሞልቷል፤ ዝላታን የምናስገባበት ሌላ ቀን መፈለግ አለብኝ። ከበሩ ኋላ መንገድ የዘጋውን የዓሣ ዘንግ አንሥቼ ቁም ሣጥኑ ላይ ጫንኩት።

በሩን ስከፍት ሌላ ሴት ቆማለች፤ እሷም ከቀኙ ወገን ናት። ዳቦና ፎጣ ይዛለች። ልጇ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

«ግቢ» አልኳት። «መነጽሬን ላምጣ።»